ለአንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ለመማር፦ ከዲፓርትመንት ፊርማ እስከ ክሬዲት ማስያዝ

የልውውጥ ዕድል የደረሰው ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቪዛ ነው። ቪዛ ያስጨንቃል፤ ግን ቪዛ የተከለከለ ተማሪ ቢያንስ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ትምህርቱን ይቀጥላል። የሚብሰው ሄዶ፣ ተምሮ፣ ፈተናውን አልፎ ሲመለስ «እነዚህን ኮርሶች አንይዝልህም» ተብሎ ከባቹ የሚቀረው ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል የሚጀምረው ከመመለሻው ነው።

ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በኢራስመስ ፕላስ (የአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም) ወይም በዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ወደ ጀርመን፣ ጣሊያንና ፈረንሳይ ለሚሄዱ ናቸው። መነሻችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ ወይም አራት ኪሎ ግቢ እንደሆነ ቆጥሬያለሁ። ከጉዞው ስድስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ሦስት ወር ብቻ የቀራችሁ ደረጃ 1፣ 2 እና 4ን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን አስጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ከኤምባሲ በፊት ዲፓርትመንት

የሚያዘው፦ የዲፓርትመንታችሁ ካሪኩለም፣ የተማሪ ኮፒ የውጤት ወረቀት፣ የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ኮርስ መግለጫ ታትሞ።

1. በማትኖሩበት ሴሚስተር እዚህ የሚሰጡትን ኮርሶች በአንድ ዓምድ ጻፉ። ለቀጣይ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ የሆኑትን አስምሩባቸው። መጀመሪያ ምትክ የሚፈለገው ለእነሱ ነው።

2. ከጎን ባለው ዓምድ እዚያ ካለው ተቀራራቢውን ኮርስ ጻፉ። ስም አያታላችሁ፤ ምዕራፎቹን አወዳድሩ። ስማቸው አንድ ሆኖ ይዘታቸው ግማሽ በግማሽ የሚለያይ ኮርሶች ሞልተዋል። ኮርሱ በምትሄዱበት ሴሚስተር የሚሰጥ መሆኑንና በእንግሊዝኛ መሆኑንም አረጋግጡ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ድረ ገጹ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተለጥፎ ይቆያል።

3. ክሬዲቱን አስሉ። በአውሮፓ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት 30 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ) ነው፤ አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይወክላል። በእኛ ብዙ ካሪኩለሞች ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ ከ5 ኢሲቲኤስ ጋር ተመጣጥኖ ይታሰባል። የእናንተ ካሪኩለም ላይ ሁለቱም ቁጥር ከተጻፈ እሱን ተጠቀሙ፤ በራሳችሁ ቀመር አትፍጠሩ።

4. ሠንጠረዡን ይዛችሁ ዲፓርትመንት ኃላፊው ጋ ግቡ። ባዶ እጅ ገብቶ «ዕድል አግኝቼ ነበር፣ ምን ላድርግ?» ማለት ለሌላ ቀን ቀጠሮ ከማስያዝ አያልፍም። ሠንጠረዥ ካለ ውይይቱ በየኮርሱ ላይ ይሆናል። የሚያከራክር ኮርስ ካለ አስተማሪውን ቀድማችሁ አነጋግሩና አንድ መስመር አስተያየት አስጽፉ።

5. ስምምነቱ በዲፓርትመንቱ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቁ፤ ኮፒውን ውሰዱ። እዚህ ላይ ድርቅ በሉ። ኃላፊነት ይቀያየራል፤ «ችግር የለም፣ ስትመለሺ እንይዝልሻለን» ያለው ሰው ስትመለሱ ለፒኤችዲ ወጥቶ ይሆናል። አዲሱ ኃላፊ ባልፈረመው ነገር አይጠየቅም፤ ደግሞም አይፈረድበትም።

6. አሁን ለርኒንግ አግሪመንቱን ሙሉ። ይህ ሰነድ እዚያ የምትወስዷቸው ኮርሶች የሚዘረዘሩበት፣ የእናንተን፣ የላኪውንና የተቀባዩን ተቋም ፊርማ የሚይዝ ነው። የኮርስ ኮዶቹ ቃለ ጉባኤው ላይ ካሉት ጋር ፊደል በፊደል ይግጠሙ።

7. በመጨረሻ ከዲፓርትመንቱ በዲኑ በኩል ለሬጅስትራር ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ደብዳቤው «በልውውጥ ፕሮግራም ላይ ያለ ተማሪ» የሚል ቃል ይኑረው።

ማስጠንቀቂያ፦ የሬጅስትራር መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ ቶሎ ሊገላግላችሁ ብሎ የዊዝድሮዋል ፎርም ቢያቀርብላችሁ አትሙሉ። ዊዝድሮዋል ትምህርት አቋርጦ መውጣት ነው፤ ስትመለሱ እንደገና የመግቢያ ማመልከቻ ያስገባችኋል፣ ዶርምና የካፌ አገልግሎትም አብሮ ይንጠለጠላል። ደብዳቤያችሁን አሳዩ፤ ካልተግባባችሁ ወደ ኃላፊው እለፉ።

ካላንደሩን አሁኑኑ አስተያዩ

የጀርመን የክረምት ሴሚስተር ትምህርት ጥቅምት አካባቢ ጀምሮ እስከ የካቲት ይሄዳል፤ የበጋው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ነው። (እነሱ ክረምት የሚሉት የእኛን በጋ መሆኑን ልብ በሉ፤ ቤተሰብ ስታስረዱ በዚህ ብዙ ትደናገራላችሁ።) ጣሊያን የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ጥርና የካቲት ውስጥ ይገባል። የእኛ ሁለተኛ ሴሚስተር ምዝገባ ከዚሁ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ዘግይቶ ለመመዝገብ የሚያስችል ፈቃድ በደረጃ 1 ደብዳቤ ውስጥ አስገቡ። ከሄዳችሁ በኋላ በኢሜይል ለማስፈቀድ መሞከር ደጅ መጥናቱን በወንድም እህት እግር ማስኬድ ነው።

ከተበላሸ፦ ዲፓርትመንቱ አንድ ኮርስ አልቀበልም ካለ ያንን ኮርስ ከቀጣዩ ባች ጋር ወይም በክረምት መውሰድ ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ዋና ዋና ኮርሶቹን በሙሉ አልቀበልም ካለ ግን መሄዱን ደግማችሁ አስቡበት፤ ከባች መቅረቱን አውቃችሁ ከሄዳችሁ ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ስምና ልደት በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን

ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩ፦ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የተማሪ ኮፒ፣ የቅበላ ደብዳቤው።

ስም ላይ፦ አንዱ ላይ «ኃይለማርያም» በአንድ ቃል፣ ሌላው ላይ በሁለት ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለውጭ ጉዳይ የሚገዛችሁ የፓስፖርቱ አጻጻፍ ነው። ማመልከቻ ስትሞሉም ሆነ ትኬት ስትቆርጡ ከእሱ ቅዱ። የፓስፖርታችን የቤተሰብ ስም ቦታ የሚይዘው የአያት ስም ስለሆነ፣ የአባታችሁን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ የሞላችሁበት ፎርም ካለ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤውን አርሞ እንዲልክ አሁን ጠይቁ። በአንድ ኢሜይል የሚያልቅ ነገር ነው፤ ኤምባሲ መስኮት ላይ ሲገኝ ግን ቀጠሮ ያስቀይራል።

ልደት ላይ፦ ጥር 10 ቀን 1996 የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ልደቱ ጃንዋሪ 19፣ 2004 ነው። በሌሎች ዓመታት ጥር 10 ጃንዋሪ 18 ላይ ስለሚውል በጣት የቆጠረ ሰው 18 ብሎ ይጽፋል። ልዩነቱ የመጣው ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ከ1995 ነው። አንዷ ቀን ትንሽ ትመስላለች፤ ሰነድ መርማሪ ግን ሁለት የተለያየ ልደት ያለው ሰው ያያል።

ፓስፖርቱ፦ ለሸንገን አገሮች (በጋራ የአጭር ጊዜ ቪዛ ለሚሠሩ የአውሮፓ አገሮች) ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የሚያበቃበት ቀን ቀርቦ ከሆነ ዕድሳቱን ከሁሉም አስቀድሙ፤ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያለው ኢሚግሬሽን ከመሄዳችሁ በፊት በኦንላይን አመልክቱ። ከመንገድ ላይ «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ከሚል ደላላ ጋር አትነጋገሩ።

ደረጃ 3፦ ሰነድ ማረጋገጥ

መጀመሪያ ተቀባዩን ዩኒቨርሲቲና ኤምባሲውን በትክክል ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ለልውውጥ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሬጅስትራር ማህተም ያለበት የተማሪ ኮፒ በፒዲኤፍ ይበቃል። ሳይጠየቁ ሁሉንም ወረቀት ማህተም ማስመታት ጊዜና ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የተረጋገጠ ሰነድ ከተጠየቃችሁ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚያረጋግጠው ከእሱ በፊት ያለውን ፊርማና ማህተም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሰጪው ተቋም ማህተም፣ በአማርኛ ከሆነ ፈቃድ ያለው የትርጉም ቢሮ ትርጉም፣ ከዚያ ሰነዱ የሚመለከተው አረጋጋጭ፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ መጨረሻ ኤምባሲው። ውጭ ጉዳይ ቀድሞ የሄደ ሰው ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል።

ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ። ስድስት ኪሎ በር ላይ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሳይጠየቁም «ላሚኔት ላድርገው?» ይላሉ፤ ላስቲክ የለበሰ ወረቀት ጀርባው ማህተም አይቀበልም። አንዴ የተለበጠውን ልላጥ ስትሉ ደግሞ ቀለሙ ከላስቲኩ ጋር ይነሳል። የልደት ሰርተፊኬቱን ቤተሰብ ከዓመታት በፊት አስለብጦት ከሆነ ከወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሌላ ቅጂ አውጡ።

ሌላ ነገር፦ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ነገር ተነስቷል። የድሮ ተማሪ የሰጣችሁን የትርጉም ቢሮ ወይም የፎቶ ቤት አድራሻ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ።

ውክልናውን አትርሱ። ከመሄዳችሁ በፊት ለወላጅ ወይም ለታላቅ ወንድም ወይም እህት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ውክልና ስጡ፤ ከዩኒቨርሲቲ ሰነድ ማውጣትና በስማችሁ ማመልከት የሚል ቃል በግልጽ ይግባበት። ከውጭ ሆናችሁ ውክልና ለመስጠት ኤምባሲያችን ያለበት ከተማ መሄድ፣ ወረቀቱን መላክና እዚህ እንደገና ማረጋገጥ ይጠይቃል።

ደረጃ 4፦ ቪዛ

1. ዓይነቱን ለዩ። የሸንገን አጭር ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ሴሚስተር ከዚያ ስለሚረዝም የምትጠይቁት የአገሩን ረጅም ቪዛ፣ ማለትም ዲ ዓይነቱን ነው። አጭሩን ይዞ ሄዶ እዚያ ላራዝም ማለት አይሠራም።

2. ቀጠሮውን የቅበላ ደብዳቤ በደረሳችሁ ዕለት ያዙ። ቀሪው ወረቀት እስከ ቀጠሮው ይሟላል። ክፍት ቀጠሮ ካላገኛችሁ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የዓለም አቀፍ ቢሮ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁ።

3. የገንዘብ ማስረጃ። የስኮላርሺፕ ደብዳቤው በወር ስንት ዩሮ፣ ለስንት ወር፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚሸፍን ካልጻፈ አስተካክለው እንዲልኩ አድርጉ። ለጀርመን ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ በዝግ ሒሳብ (ገንዘቡ ተይዞ በየወሩ ብቻ የሚለቀቅበት ሒሳብ) የሚያስቀምጠው ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ወላጅ ስፖንሰር የሚሆን ከሆነ የባንክ ስቴትመንቱ የወራት እንቅስቃሴ ያሳይ። ቀጠሮው ሊደርስ ሲል በአንድ ቀን የገባ ትልቅ ብር ጥያቄ ያስነሳል፤ የመኪና ሽያጭ ወይም የዕቁብ ብር ከሆነ ማስረጃውን አያይዙ።

4. የጉዞ መድን። ለሸንገን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን፤ የሚጀምርበት ቀን ከትኬቱ ቀን አይዘግይ።

5. ፎቶ። 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ነጭ ወይም ነጣ ያለ መደብ፣ ያልተዋበ። ፎቶ ቤቱ ፊት ሲያለሰልስ ዝም ብላችሁ አትዩ።

6. ሰዓት። ኢሜይሉ 8፡30 ካለ ጠዋት 2፡30 ነው። 14፡00 ካለ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው። በዚህ ቀጠሮ ያመለጠው ተማሪ ብዙ ነው፤ 8፡30 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲጠጋ ቡናውን ጠጥቶ ተረጋግቶ የሚደርስ አለ። ቀኑ ላይም 05/06 ሲባል የትኛው ወር እንደሆነ ሙሉ ስሙን አይታችሁ አረጋግጡ።

7. በዕለቱ የጀርመን፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ኤምባሲ ወዳሉበት ቀበና ከአራት ኪሎ ታክሲ ያዙ፤ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። አንዳንዶቹ አገሮች ማመልከቻ የሚቀበሉት በወኪል ማዕከል ስለሆነ ቦታውን ከቀጠሮ ወረቀቱ አንብቡ። ስልክና ላፕቶፕ ቤት ተዉ ወይም የሚይዝላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ኦሪጅናልና ኮፒ በሁለት ፎልደር፣ በማመልከቻው ዝርዝር ተራ ተደርድረው ይቅረቡ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ከሁሉ በላይ የሚረዳችሁ የደረጃ 1 ወረቀት ነው። «ለምን ትመለሳለህ?» ለሚለው ጥያቄ ተመልሳችሁ የምትወስዷቸው ኮርሶች የተዘረዘሩበት ቃለ ጉባኤና የሬጅስትራሩ ደብዳቤ ከየትኛውም ንግግር ይበልጣል። አጭር መልስ ስጡ። ሳትጠየቁ ስለ አክስታችሁ ፍራንክፈርት መኖር አትጀምሩ፤ ከተጠየቃችሁ ግን አትዋሹ።

ከተበላሸ፦ ውድቅ ካደረጉት ምክንያቱን ከደብዳቤው አንብቡና እሱን ብቻ አስተካክሉ። ያንኑ ፋይል መልሶ ማስገባት ያንኑ መልስ ያመጣል። ጊዜው ካለፈ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ቦታውን ወደ ቀጣዩ ሴሚስተር እንዲያዛውር ጠይቁ፤ በዚያው ቀን ለዲፓርትመንታችሁም አሳውቁና እዚህ ተመዝገቡ። ጉዞውን እየጠበቁ ሁለቱንም ያጡ አሉ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ወር ገንዘብ

ስኮላርሺፑ እንደደረሳችሁ ኪስ ውስጥ አይገባም። ብዙ ጊዜ እዚያ የባንክ ሒሳብ ከፍታችሁ፣ የመድረሻ ማረጋገጫ ካስፈረማችሁ በኋላ ነው የሚላከው። የቤት ማስያዣና የመጀመሪያው ኪራይ ግን በመጀመሪያው ቀን ይጠየቃል። ቪዛውና ትኬቱ እጃችሁ እንደገባ ፓስፖርቱን ጨምራችሁ ባንክ ሄዳችሁ የጉዞ የውጭ ምንዛሪ ግዙ፤ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፣ ቦሌ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። አንዱ ቅርንጫፍ ዶላር ወይም ዩሮ የለም ካለ ሌላ ቅርንጫፍ ሞክሩ፤ የበረራው ዕለት ዋዜማ ግን አትጠብቁ።

ቤት ሳታዩ ለግለሰብ ገንዘብ አትላኩ። በጣም ረክሶ ቁልፉን በፖስታ እልክላችኋለሁ የሚል አከራይ ሌባ ነው። በዩኒቨርሲቲው በኩል የሚገኘውን ዶርም ማመልከቻው በተከፈተበት ቀን ሙሉ።

ደረጃ 6፦ ሻንጣ

እናት ከምታሽገው ውስጥ ሁለት ነገር አውጡ፦ ንጥር ቅቤና ቋንጣ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ መንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገባም፤ አይብም እዚያው ውስጥ ነው። ሲገኝ ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና ዳቦ ቆሎ ችግር የለባቸውም። በርበሬውን በሁለት ላስቲክ አሽጉ፤ የተቀደደ በርበሬ ያለበት ሻንጣ ውስጥ ያለ ነጭ ሸሚዝ ዳግመኛ ነጭ አይሆንም። ሰነዶቹ ሁሉ በእጅ ቦርሳ ይያዙ።

ደረጃ 7፦ እዚያ በደረሳችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት

ጀርመን፦ ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ የከተማው መዝጋቢ ቢሮ መመዝገብ ግዴታ ነው። አከራዩ የሚፈርመው የማረፊያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ቁልፍ ስትቀበሉ አብራችሁ ተቀበሉ።

ጣሊያን፦ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ በፖስታ ቤት በኩል አስገቡ። ደረሰኙን እንደ ፓስፖርት ጠብቁት።

ፈረንሳይ፦ የመኖሪያ ፈቃድን የሚተካውን ረጅም ቪዛ በ3 ወር ውስጥ በኦንላይን አጽድቁ። ጊዜው ሰፊ ስለሚመስል የሚረሳው እዚህ ነው።

በሁሉም አገር የመድረሻ ማረጋገጫውን በመጀመሪያው ሳምንት አስፈርሙ። በኢራስመስ ክፍያው የሚሰላው በቆያችሁባቸው ቀናት ስለሆነ የዘገየ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ገንዘብ ይቀንሳል።

ደረጃ 8፦ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ

እዚህ በኩዊዝ፣ በሚድ፣ በአሳይንመንትና በፋይናል ውጤት መሰብሰብ ለምዳችኋል። እዚያ ብዙ ኮርሶች መጨረሻ ላይ ባለ አንድ ፈተና ወይም አንድ ጽሑፍ ያልቃሉ። እስከዚያ ማንም አይጠይቃችሁም፤ «እዚህ ይቀላል» የሚል ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው፣ አትመኑት።

ጀርመን ውስጥ ኮርስ መመዝገብና ፈተና መመዝገብ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ክፍል ሳይቀር የተከታተለ ተማሪ የፈተናውን ምዝገባ ቀን ካሳለፈ አይፈተንም። የምዝገባውን ቀን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

ኮርስ ከተሰረዘ ወይም ከሌላ ጋር ከተጋጨ ሌላ መርጣችሁ ዝም አትበሉ። የለርኒንግ አግሪመንቱን የለውጥ ክፍል ሙሉና መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ዲፓርትመንታችሁ ይሁንታ አግኙ። ኢሜይሉ መልስ ካጣ ውክልና የያዘው ሰው ታትሞ ይዞት ይግባ። ለዚህ ነው ውክልና የሰጣችሁት።

ደረጃ 9፦ መመለሻና ክሬዲት ማስያዝ

ከመነሳታችሁ በፊት፦ የቆይታ ማረጋገጫውን በትክክለኛ የመውጫ ቀን አስፈርሙ፣ የመኖሪያ ምዝገባችሁን ሰርዙ፣ የቤት ማስያዣ የሚመለስበትን ሒሳብ ሳትዘጉ ቆዩ። የኮርስ መግለጫዎቹንና የሠራችኋቸውን ጽሑፎች በፒዲኤፍ አውርዱ፤ የተማሪ ኢሜይላችሁ በኋላ ይዘጋል።

ትራንስክሪፕቱ ከእናንተ በኋላ ሊወጣ ይችላል። በቀጥታ ለዲፓርትመንታችሁና ለእናንተ እንዲላክ አስመዝግቡ፣ ከውጤት መለኪያው ማብራሪያ ጋር። ይህ ማብራሪያ የግድ ነው። በጀርመን 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ደግሞ ማለፊያው ነው፤ 5.0 ወድቋል ማለት ነው። ከ4 ነጥብ ለሚያሰላ የእኛ ሬጅስትራር 1.3 ያመጣች ጎበዝ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ላይ ያለች ትመስላለች። ጣሊያን ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18፤ ፈረንሳይ ከ20 ነው፣ ማለፊያው 10።

አዲስ አበባ በገባችሁ ሳምንት፦

1. ትራንስክሪፕቱን፣ የመለኪያ ማብራሪያውን፣ ቃለ ጉባኤውንና የተፈረመውን ለርኒንግ አግሪመንት በአንድ ፋይል ለዲፓርትመንት አስገቡ፤ የገቢ ቁጥር ተቀበሉ።
2. ውጤቱ በፊደል ይገባ ወይስ ክሬዲቱ ብቻ ይያዝ የሚለውን ጠይቁ። ክሬዲት ብቻ ከሆነ አማካይ ውጤታችሁ አይነካም።
3. ለቀጣዩ ሴሚስተር ተመዝገቡ፤ የክሬዲቱን ውሳኔ ቆማችሁ አትጠብቁ።
4. ውሳኔው ሬጅስትራር ሲደርስ ሲስተሙ ላይ መግባቱን በዓይናችሁ እዩና አዲስ የተማሪ ኮፒ አሳትሙ።

ከተበላሸ፦ ዲፓርትመንቱ በቃለ ጉባኤ የተያዘን ኮርስ አልይዝም ካለ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁና ሁለቱን ወረቀቶች አያይዛችሁ ለዲኑ አቅርቡ። ቀኑን ጻፉ፣ የገቢ ቁጥሩን ያዙ፤ መልሱን በሳምንቱ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።